በእሺ እና በበጄ መካከል

«እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እህቴን አያውቃትም። እህቴ እሺ ስትል የጠየቃት ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እሷ ግን ገና በምንም አልተስማማችም። መስማቷን ብቻ ነው የተናገረችው። ይህን የማያውቅ ሰው ውሎ አድሮ «እሺ ብላኝ ስታበቃ!» እያለ ይቀየማታል። እኔ ታላቅ ወንድሟ እንኳ፣ አዝዬ ያሳደግኳት፣ ስንት ጊዜ እንደሸወደችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም፣ የቤታችን አማርኛ ነው። እናትና አባታችን በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ወደ ወለጋ የመጡ ናቸው። እኛ የተወለድነው ከዲጋ ወዲያ ባለ የሰፈራ መንደር ነው፤ ደጅ ኦሮምኛ፣ ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ እየተናገርን አደግን። አባታችን ሁለቱን ቃላት አጥብቆ ይለያቸው ነበር። አዞን «እሺ» ካልነው ቆም ብሎ ያየናል። «እሺማ የጆሮ ነው፤ በጄ በሉኝ» ይላል። እሺ ማለት ሰምቻለሁ፣ አከብርዎታለሁ፣ ፊት ለፊት አልጋፋዎትም ማለት ነው። በጄ ማለት ግን ልቤም ተቀብሎታል ነው። ለታላቅ ሰው እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ቤት፣ በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት የልጅ መሸሸጊያ ነበረች። አባታችንም ይህን ስለሚያውቅ በጄ ያላልነውን ነገር አያስገድደንም። ቁጭ አድርጎ ያስረዳናል፤ ካልገባን ይተወዋል። አንዳንዴም ተናዶ ራሱ ይሠራዋል።

ዛሬ እኔ ነቀምቴ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ እህቴ ደግሞ ነርስ ናት። የምንኖረው በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው፣ ቤቶቻችን አይራራቁም። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው ትምህርት ላይ ስደርስ በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ እናንተ ጋርስ ይሄ ይቻላል?» እናንተ ጋር ሲል ሙስሊሞች ጋር ማለቱ ነው። አልቀየምም፤ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበርና።

«መንግሥት ዱላ ይዞ ሰው ቢያሰግድ፣ ሰውየው የሚሰግደው ለማን ነው?» ብዬ እመልስለታለሁ።

«ለዱላው!» ይላል ክፍሉ በሙሉ፤ እንስቃለን።

ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አይደለም። ሶላት ያለ ኒያ፣ ያለ ልብ ውጥን፣ ወገብ ማፍታታት ነው። ኒያን ደግሞ መንግሥት ሊያዝዘው አይችልም፤ ፖሊስም ሆነ ባል አያዝዘውም። እኔ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የምለው ሃይማኖቴ ቀልሎብኝ አይደለም። ከብዶብኝ ነው። ይህን ያህል የከበደ ነገር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ገብቶ ማኅተም ሲመታበት ማየት አልፈልግም።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ማውራት ግን ቀላል ነው። የተፈተንኩት ነገሩ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ነው።

የእህቴ ባል የእኛው የሰፈራ መንደር ልጅ ነው። የልብስ ነጋዴ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰርግ ላይ ከሌለ ሰርጉ የሚቀዘቅዝ ሰው ነበር። ለገና ለጎረቤቶቻችን ለስላሳ በሳጥን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ አገሩ በተረበሸበት ጊዜ ሌላ ከተማ የነበረው ሱቁ ጠፋ። ሰውዬው እጁን አጣጥፎ ቤት ተቀመጠ፤ ስልኩን ይዞ። በስልኩ ውስጥ አንድ ቆፍጣና ድምፅ ያለው ሰባኪ አገኘ። የማይመልሰው ጥያቄ የለም፣ መልሱም ሁሌ አንድ መስመር ነው፤ ይህ ይፈቀዳል፣ ያ አይፈቀድም፣ ያኛው ሰው ከእኛ አይደለም። ሁሉ ነገር የፈረሰበት ሰው የማይፈርስ ነገር ቢፈልግ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ያገኘውን በሌላው ላይ መጫን ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ የጎረቤት ለቅሶ መድረስ አቆመ። ቀጥሎ እህቴን «የወንድ በሽተኛ እየነካሽ አትሠሪም» አላት። እሺ አለችው፤ በማግስቱ ጋዋኗን ለብሳ ሆስፒታል ገባች። ይህን አለፈው። ያላለፈው የልጃቸውን ነገር ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ያኔ ሦስተኛ ክፍል፤ ጓደኞቿን በኦሮምኛ፣ እኛን በአማርኛ የምታስቅ፣ ለፍላፊ። ከትምህርት ቤት ላውጣትና ሩቅ ከተማ አንድ ሰው ቤት ላስቀምጣት፣ ቂርኣት፣ የቁርኣን ንባብ ብቻ ትማር አለ። የሰውየውን ቤት ከእኛ አንድም ሰው አያውቀውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ገበያ ስንወርድ ያዝኩት።

«ልጅቷ ቂርኣቱንም ትምህርቱንም እኮ ትችላለች፤ አንተም እኔም ሁለቱን ተምረናል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያንተ ትምህርት ነው እዚህ ያደረሰህ። ሰው ያወጣውን ሕግ ታስተምራለህ። ሕግ የአላህ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይቺ ባጃጅ ቀኟን ይዛ የምትሄደው በማን ሕግ ነው? ግራውንም ሞክረው በለው እስቲ።»

ሹፌሩ፣ የአካባቢው ልጅ ነው፣ ከፊት ሆኖ «ዱጋዳ!» አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። አማቼም ሳያስበው ሳቀ። ያ የድሮው ሳቁ ነበር፤ ልቤን ነካኝ። ወዲያው ግን ፊቱን ሰበሰበው።

«በዲን ትቀልዳለህ» አለኝ።

«በዲን አልቀለድኩም። የአላህ ቃል አይሳሳትም ካልክ አብሬህ ነኝ። የሚሳሳተው ያንተ ጆሮ ነው፤ የእኔም ጆሮ። አንተ የሰማኸውን ሁሉ እሱ የተናገረው አድርገህ ታወራለህ።»

ሲወርድ የእኔንም ሒሳብ ከፈለ፤ ጨዋነቱ አልለቀቀውም። እኔም ተናድጄ ስለነበር አመሰግናለሁ ሳልለው ቀረሁ።

ሽማግሌ ቢገባም ትዳሩ አልተረፈም። ፈታት፤ እቃውን ይዞ ወጣ። ከዚያም ልጅቷ ለእኔ ትሰጠኝ ብሎ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ያለበትን ከተማ ስም ብተወው ይሻላል፣ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። በአገራችን ሕግ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የትዳርን፣ የውርስንና የልጅ አስተዳደግን ጉዳይ ማየት ይችላል፤ ግን ሁለቱም ወገኖች ወደው ሲቀርቡ ብቻ ነው። አንዱ አልፈልግም ካለ መዝገቡ ይዘጋል፣ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህን አንቀጽ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፈቃድ» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ።

እህቴ የቀረበችበት ቀን እኔ ፈተና እያስፈተንኩ ነበር። ማታ ራት ላይ ጠየቅኳት።

«ምን አሉሽ?»

«በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ ነሽ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ ጋሼ? አዛውንት ቃዲ ፊት ቆሜ! እሺ አልኩ።»

እንጀራው አፌ ውስጥ ደረቀ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጸሐፊው ትሑት የኦሮሞ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መዝገቡ ላይ ፈቃዷን ሰጥታለች ተብሎ ሰፍሯል። እንዳልተስማማች ነገርኩት። ግራ ተጋባ።

«መምህር፣ ጆሮዬ እያለ! ቃዲው ጠየቁ፣ እሷ እሺ አለች። እሺ ማለት በኦሮምኛ ቶሌ ማለት አይደል? ኤዬ፣ አዎ ማለት አይደል?»

ከልቡ ነው። በእሱ ቤት እሺ ስምምነት ነው፣ በነቀምቴ ገበያም ቢሆን እሺ ካልክ እቃው ይጠቀለልልሃል። ምን ብዬ ላስረዳው? «በእኛ ቤት እሺ የጆሮ ነው» ብለው ያመመኝ ይመስለው ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቃዲው ፊት እንድናገር እንዲያደርግ ቃል አስገብቼው ተመለስኩ።

እቤት ስደርስ ሁሉንም ነገር ጨርሼ ነበር፣ በጭንቅላቴ። «ስትቀርቢ እምቢ በይ። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ» አልኳት። ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ ሴቶች መብት አወራሁላት። ባለቤቴ ከጓዳ «ክፍል ውስጥ አይደለህም!» እስክትለኝ ድረስ።

እህቴ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆየችና «ጋሼ፣ ሕጉን አውቀዋለሁ» አለች። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ጓደኞቹ ሰዎች ልከው፣ የአላህን ፍርድ ቤት እምቢ ያለ ከእስልምና ወጥቷል ብለውኛል። እውነት ቢሆንስ? ልጄን አትርፌ እኔ ብወጣስ? ከዚያ በኋላ የምሰግደው ሶላት ይያዝልኛል?»

«ይህማ የማይሆን ወሬ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ የማይሆን ነው ትላለህ፣ እነሱ የሚሆን ነው ይላሉ። እኔ መሃላችሁ ቆሜ ሁለታችሁም ትጮሁብኛላችሁ። እሱን የምጠይቀው ቃዲውን ራሳቸውን ነው።»

በዚያ ቤት ውስጥ በእምነቷ ምክንያት ነፍሷ የተጨነቀባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ክርክር ለማሸነፍ ነበር የምሮጠው። ልጇን ከፈለገች አላህን ታጣለች፣ አላህን ከፈለገች ልጇን ታጣለች ተብሎ ነው የተነገራት። ከዚህ የከፋ ግፍ በሃይማኖት ስም ሲሠራ አላየሁም። ግንባር ላይ የሚደገን ጠመንጃ ቢሆን እንኳ ቢያንስ ጠመንጃ መሆኑ ይታወቃል።

የቀጠሮው ቀን ክፍሉ ጠባብ ነበር። ቃዲው ሽማግሌ ናቸው፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ፣ አማርኛቸው ቀስ ያለ፤ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይፈልጉታል። አማቼ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ልጅቷን ከባለቤቴ ጋር ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ትተናታል። ጸሐፊው ቃሉን ጠብቆ ጉዳዩን አነሳ። ቃዲው እንድናገር ፈቀዱልኝና የእሺንና የበጄን ነገር ነገርኳቸው። ስናገረው ለራሴም የልጅ ወሬ መሰለኝ። ከጓደኞቹ አንዱ ሳቀ።

ቃዲው አልሳቁም። መነጽራቸውን አወረዱና ወደ አማቼ ዞሩ።

«አንተም የነዚሁ ሰዎች አገር ልጅ ነህ፣ አይደል?»

«ነኝ ሸኻችን።»

«እናትህም እንዲሁ ነበር የሚናገሩት? ይህ መምህር የሚለው ልዩነት አለ? ወይስ የለም? አላህን ፈርተህ ንገረኝ።»

አማቼን ጓደኛው ክርኑን ነካው። የለም ቢል ነገሩ ያልቅለት ነበር። ያን ጊዜ እሱን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የሚዋሽ መስሎኝ።

«አለ» አለ። «እናቴም እንዲያ ነበር የምትለው። እሺ ማለት መስማት ነው። በጄ አላለችም።»

ጓደኞቹ ተያዩ። እኔ አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም ስለዚያች ቃሉ አከብረዋለሁ። ሰውዬው ውሸትን የምር ፈርቷል። ያ ስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉን ነገር አልወሰደበትም።

ቃዲው ወደ እህቴ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ባገርሽ ቃል ልጠይቅሽ። በጄ ትያለሽ?»

እህቴ ተነሳች። ነጠላዋን ከአገጯ ሥር ጨብጣ ይዛዋለች።

«ሸኻችን፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ። በጄ ካላልኩ ከእስልምና እወጣለሁ?»

ከውጭ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፣ በኦሮምኛ እየዘፈነች ነው።

ቃዲው «ማነው ይህን ያለሽ?» አሉና መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ሸሪዓ የአላህ ነው። ይህ ወንበር ግን የእንጨት ነው፣ የተቀመጥኩበትም እኔ ነኝ። እኔ የተማርኩትን ያህል እፈርዳለሁ፣ እሳሳታለሁም። እኔ ዘንድ መዳኘትን ያልወደደ ሰው እኔን አልወደደም እንጂ አላህን አልካደም። በግድ ብፈርድብሽ ግን ዙልም ነው፣ በደል ነው፤ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለእኔ ስትይ በጄ እንዳትይ።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲያውስ በጄ አላልኩም ሸኻችን። እርስዎን ንቄ አይደለም። ልጄን በፍርሃት አስረክቤ ሃይማኖቴን አተረፍኩ ብል፣ ያ ሃይማኖት አይሆንም። ፈርቼ የሰገድኩት ለእነዚህ ሰዎች ነው የሚሆነው።»

ይህን ሐሳብ በየዓመቱ በጠመኔ ስጽፈው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከእሷ አፍ እንደ አዲስ ሰማሁት። እንባዬ መጣ። ቃዲው መዝገቡን ዘግተው ፈረሙ።

አማቼ ዘሎ ቆመ። «ሰማችሁ! ከፍራለች! ከዛሬ ጀምሮ ሙስሊም አይደለችም!»

«ተቀመጥ» አሉት ቃዲው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ቅድም እውነት ስለተናገርክ ወደድኩህ፤ አታበላሸው። ይህ ቃል ካፍ ከወጣ ማረፊያ ሳያገኝ አይቀርም፣ በራስህ ላይ እንዳያርፍ ፍራ። እሷ የሙስሊም ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ የሙስሊም መልስ ሰጠኋት። የቀረው የልጅቷ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሌሎች ዳኞች ያዩታል።»

አዛን ተባለና ቃዲው እዚያው ግቢ ባለው መስጊድ ሊያሰግዱ ተነሱ። እህቴ ከጀርባ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። እኔ ስገባ አማቼ ጫማውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ከገባ ካፊር ካላት ሴት ጋር ሊሰግድ ነው፤ ካልገባ ሶላት ሊያመልጠው ነው። ሶላቱን አሰላምተን ጨርሰን ስንዞር በቦታው አልነበረም። የት እንደሰገደ አላውቅም።

መደበኛው ፍርድ ቤት ጊዜ ቢወስድም ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ ትምህርቷን ትቀጥል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ይውሰዳት ብሎ ወሰነ። እኔ ለስላሳ ገዝቼ ባለቤቴንና ጎረቤቶቹን ሰብስቤ፣ ሕግ ማለት ይህ ነው እያልኩ ንግግር አደረግኩ። እህቴ ፈገግ ብላ ስታዳምጥ ነበር። ድል ያደረግን መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ለካ ገና ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እህቴ ቅቅል ሠርታ ጠራችን። ልጅቷ ሥጋውን በጣቷ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጋ ድንቹን ብቻ በላች።

«ሥጋውስ?» አላት እናቷ።

«አልበላም።»

«አመመሽ እንዴ?»

ልጅቷ ሰሃኑን እያየች «አባዬ፣ እናትሽ ያበሰለችው ሥጋ ለእኛ አይሆንም ብሎኛል» አለች።

ለሌላ አገር ሰው ይህ ተራ የልጅ ነገር ይመስለው ይሆናል። በእኛ አገር ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ቡና አብሮ ይጠጣል፣ ሐዘን አብሮ ይቀመጣል፣ ልጅ ይዳዳራል፤ የሚለየው በሥጋ ነው። ከፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ጋር እንኳ ይህን ተግባብተን፣ ለእኛ ለብቻ አሳርደው እየጠሩን ነው የኖርነው። የእናትን ሥጋ አልበላም ማለት እናቴ ከእኛ ወገን አይደለችም ማለት ነው። ቃዲው ያልፈረዱትን፣ ፍርድ ቤቱ ያልፈቀደውን፣ አባትየው በአንዲት ሕፃን ጣት አስፈረደው።

ብድግ አልኩ። ነገውኑ አቤት እንላለን፣ ቅዳሜውን እናስከለክለዋለን፣ ልጅ እየመረዘ ነው አልኩ። እህቴ ሥጋውን ከልጅቷ ሰሃን ላይ አንስታ ወደ ራሷ አዞረችና ልጅቷ ወደ ደጅ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ፍርድ ቤት ሄደን ምን እናስወስን? ብዪ ተብላ ትታዘዝልኝ?» አለች።

«ቢያንስ እሱን...»

«ጋሼ፣ በግድ አፏ ውስጥ ያስገባሁት ሥጋ ምን ያደርግልኛል? እሱ አትብዪ ብሎ አዘዛት። እኔ ብዪ ብዬ ባዝዛት ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው? ተወኝ፤ ራሷ ትምጣ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሥጋ ቀረ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ እንኳ ሳይገባ። እህቴ ከልጇ የተለየ ነገር በአፏ አላደረገችም። እኔ አልቻልኩም፤ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጬ ስለ እናቷ፣ ስለ አላህ እዝነት፣ ስለ ሰው ልብ ብዙ መከርኳት። «እሺ አጎቴ» አለችኝ። የማን ልጅ ሆና! ከንግግሬ በኋላም ሥጋ አልቀመሰችም።

እናቷ ምንም አላለቻትም። ቅዳሜ ሲደርስ ጸጉሯን ሠርታ፣ ልብሷን አልብሳ ለአባቷ ትሰጣታለች፤ ስትመለስ ምን አለሽ ብላ አትጠይቃትም። ጎሕ ሲቀድ ትነሳለች፣ ትሰግዳለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ይህን አልጋዋ ላይ ሆና የምታይ አንዲት ልጅ መኖሯን እኔ ቆይቼ ነው ያሰብኩት። አንድ ጠዋት ሳልጠራ ስገባ ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ተከናንባ ከኋላዋ ቆማ ስትሰግድ አገኘኋት። ድምፅ ሳላሰማ ተመልሼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት አጽናናኝ።

አረፋ ደረሰ። በጉን እኔ አረድኩ፣ እህቴ አበሰለች፤ ለእንግዳ የግድ ነው። ለልጅቷም ለብቻዋ ምስር ተሠርቶላት ነበር። ገበታው ቀርቦ ሁላችንም እያየናት እንዳልሆነ ለመምሰል ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለማይገባን ነገር ሁሉ እናወራ ነበር። ልጅቷ ምስሩን አንዴ ጎረሰች። ከዚያ እጇን አሻግራ ከእናቷ ፊት አንዲት ቁራጭ ሥጋ አነሳች። አላመጠች፣ ዋጠች። ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

እህቴ «ወይ ልጄ፣ እውነትሽን ነው» አለችና ጨው ላምጣ ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። ጨው ገበታው ላይ፣ እጇ ሥር ነበር። ማናችንም አልጠራናትም፤ ብዙ ቆየች።